ዴስኩን የት ላኑረው?

ትሪየስቴ ላይ መስከረም ሲጠባ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ገና ከተማው ሳይገባ፣
ዳይሬክተሯ ከደረጃው ጫፍ ቆማ ትጣራለች፦
«ኤርሚኒያ! ያቺን ዴስክ!»
የቷን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

እኔ ፈራጅ አይደለሁ፤ ቁልፍ ያዥ፣ ወለል ጠራጊ፤
ስብሰባው ሲያበቃ ነው ለጉልበቴ የሚመጣው ፈላጊ።
እነሱ ልጅቷን በወረቀት ያስቀምጣሉ፣ በሰዓትና በመቶኛ፤
እኔ ዴስኳን በወገቤ፣ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛ።

ኔቨንካ ስትመጣ ስድስት ዓመቷ ነበር፤
ቃል አይወጣትም፤ ታንጎራጉራለች፣
ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ እንደሚሰማ የማቀዝቀዣ ሞተር።
«ልዩ ናት» አሉ፤ ወዲያው ለዩዋት፤
ከቦይለሩ ጎን፣ መጥረጊያዬን ከማኖርበት ጓዳ አጠገብ፣
አንዲት ክፍል ሰጧት።
ክፉ ክፍል አልነበረችም። ትሞቃለች። ሥዕል አላት።
መምህርም አላት፣ ዳርዮ የሚባል ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት።
አንድ ብቻ ጎደለ፦ እርሳሷን የሚሰርቅባት።

በሁለተኛው ዓመት ዴስኩን ከደጃፉ አቆምሁት፣
ሁለት እግሩ ኮሪደር፣ ሁለት እግሩ ክፍል፤
እነሱ ናቸው የለኩት።
«ቀስ በቀስ» ተባለ።
እንቁላሉ እግር ሳያወጣ
ሰኔ መጣ።

በሦስተኛው፣ ወደ ውስጥ። ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል።
ብረቱ ወለሉን ሲፍቅ ጆሮዋን ይዛ ስለምትጮህ
አራት የቴኒስ ኳስ ቀድጄ አጫማሁት።
ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ አቃፊው ውስጥም አልተጻፈ።
የተጻፈውማ፦ ሃያ ሁለት ሰዓት ከክፍሉ ጋር፣ ስምንት ለብቻ።
ክፍል ማለት ለካ መክፈልም ኖሯል።
ዳርዮ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ሰፊ ጀርባው እንደ ግድግዳ፤
ከልጆቹ ማዶ ሆነች፣ በገዛ ክፍሏ እንግዳ።
በመዝገቡ አለች። በስም ጥሪው አለች። በፎቶው ጥግ አለች።
እኔን ቢጠይቁኝ ግን፦
ዴስኳ ደርሷል፤ እሷ ገና መንገድ ላይ ነች።

ኅዳር ላይ ቦራ መጣ።
ቆሻሻ መጣያው እንደ ሰካራም ቁልቁል ተንከባለለ፤
የጣሪያ ሸክላ ወደቀ፤ የአንድ ጠበቃ ባርኔጣ ወደ ባሕሩ በረረ፤
ሃያ ልጅ ባንድ ጊዜ መስኮት አማረው።
መስኮቱ የኔቨንካ ነው።
የዓሣ ነጋዴው ልጅ ዱሻን በክርኑ ገፋት፤
ነከሰችው።
ጥርሷ በክንዱ ላይ ግማሽ ጨረቃ ሠራ።

በማግስቱ እናቱ። ካፖርቷን ሳታወልቅ፦
«የዚህች ልጅ ቦታ እዚህ አይደለም!»
አቃፊው ተከፈተ። ቦይለሩ ተነሳ፣ ሙቋ ክፍል ተነሳች፤
እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ ወገቤን ዳበስሁ፤
ደረጃዎቹን በልቤ ቆጠርሁ፣ ሠላሳ ስምንት።
ያኔ ዱሻን እጅጌውን ቁልቁል ስቦ፦
«እኔ ነኝ የገፋኋት።
መስኮቱ የሷ ተራ ነበር።
ነገ ግን የኔ ነው ተራው። ንገሯት።»

ንገሯት!
ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ሲወራ ሰማሁ፤
ለእሷ የሚባል ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰላም ሆነ አልልም። እርሳሷ ተሰረቀ። ጮኸች።
ለሂሳብ ፈተና አሁንም ያስወጧታል።
እናቷ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ መልሱ ይዘገያል።
ዳርዮ ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል አራቀ፣
አንዳንድ ቀን ሁለት።

አንድ ሰኞ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
መብራቱን ሳበራ ዴስኩ ካኖርሁት የለም።
መሐል ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ፣
ከዱሻን ዴስክ ጋር ተጣብቆ፣ ትንሽ ተንጋዶ፤
በአርቡ አቧራ ላይ አራት ለስላሳ የኳስ ፈለግ፣
በዙሪያቸውም የብዙ ትንንሽ ጫማ።
ማን አዛወረው ብዬ አልጠየቅሁም።
ዙሪያውን ጠረግሁ።